«ሁሉም ቤተክርስቲያን አንድ ሆነብኝ» ላልሽው እህቴ፦ የድሮ ሕንፃ ዕድሜ በዓይን እንዴት ይለያል፣ እናትሽንስ ይዘሽ የት ትሄጃለሽ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ሌላ ሰውም ስለሚያነበው ባጭሩ ልድገመው፦ የምትኖሪው ፍራንክፈርት ነው፣ እናትሽ ከአዲስ አበባ ለአስር ቀን ሊጠይቁሽ ይመጣሉ፣ ታሪካዊ ሕንፃ ማየት ትወዳላችሁ፣ ግን አምና ፓሪስ፣ ፕራግና ቪየና ዞረሽ ዞረሽ መጨረሻ ላይ ሁሉም ቤተክርስቲያን አንድ ሆነብሽ፣ እንደውም ቪየና ላይ «ጥንታዊ ማለት ይሄ ነው» ብለሽ ፎቶ የተነሳሽበት ባለ ሁለት ማማው ፎቲፍኪርኸ ቤት ገብተሽ ስታዪው የተመረቀው በ1879 ሆኖ አረፈው። ስለዚህ ዘመኑን በዓይን እንዴት ልለይ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቴንስ የት ልውሰዳቸው ነው ያልሽው። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ አለበለዚያ እንምታታለን።

እኔ አርክቴክት ነኝ፣ እዚህ ጀርመን ከመጣሁ ጀምሮ እንጀራዬ የድሮ ሕንፃ ጥገና ነው፣ አዲስ ነገር ሰርቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። እና ስለ ቪየናው በጭራሽ እንዳትሸማቀቂ፣ የተሰራው እኮ እንዲያሳስትሽ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ናፍቆት ይዟት ነበር፣ በባቡርና በፋብሪካ ዘመን ላይ ቁጭ ብለው የ1300ን ቤተክርስቲያን ይሰሩ ነበር። ፕራግ ያየሽው ቅዱስ ቪተስ ካቴድራልም የተጀመረው በ1344 ነው ግን ያለቀው በ1929 ነው፣ አንቺ ፊት ለፊት ቆመሽ ፎቶ ያነሳሽው ምዕራባዊው ገፅታ ከአያትሽ ብዙም የማይበልጥ ነው። የፓሪሱ ኖትርዳም ጣሪያ ላይ ቁጭ ብለው ከተማውን የሚያዩት ጭራቆችም፣ በ2019 የተቃጠለው ሹል ጉልላትም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ስራ ነበሩ፣ ጉልላቱ አሁን ደግሞ እንደገና ተሰርቶ ቆሟል። እና «ይሄ ሕንፃ የስንት ዓመት ነው?» የሚለው ጥያቄሽ ራሱ ነው ያስቸገረሽ። አንድ የድሮ ሕንፃ አንድ ዕድሜ የለውም። ይልቅ «የቱ ቁራጭ ነው መጀመሪያ የነበረው፣ የቱ ነው በኋላ የመጣው» ብለሽ ጠይቂ፣ ያኔ ዓይንሽ ስራ ያገኛል።

ስለ ስታይል ስም ብዙ አትጨነቂ፣ ሮማነስክ ጎቲክ ባሮክ ምናምን የሚለውን መሸምደድ ይቻላል ግን ግድግዳው ፊት ስትቆሚ ይጠፋብሻል። እኔ ለሰው የማሳየው አንድ ነገር ነው። አንድ ጠንከር ያለ ወረቀት አንሺና እንደ ድልድይ አጉብጠሽ ጠረጴዛ ላይ አቁሚው፣ ከላይ በጣትሽ ጫን አድርጊው፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ይሸሻሉ አይደል? አሁን ግራና ቀኝ ውሃ የሞላ ኩባያ አስደግፊና ድገሚው (ሲኒ እንዳይሆን፣ ሲኒውን ይገፋዋል)፣ አይሸሽም። የአውሮፓ ቤተክርስቲያን ታሪክ በሙሉ ይሄ ነው። የድንጋይ ጣሪያ ወደ ታች ብቻ አይጫንም ወደ ጎንም ይገፋል፣ እና በየዘመኑ የነበሩ ግንበኞች ያንን ግፊት ማን ይቻለው ብለው ነው ሲጣሉ የኖሩት። ከ1000 እስከ 1200 ገደማ የነበሩት ግድግዳውን አወፈሩት፣ ክብ ቅስት፣ ትንንሽ መስኮት፣ ስትገቢ ጨለም ያለና ረጋ ያለ ነገር ታገኛለሽ፣ ያ ነው ሮማነስክ። ከዛ ፈረንሳይ ውስጥ ከ1140ዎቹ ጀምሮ ቅስቱን ሹል አደረጉት፣ ሹል ሲሆን የጎን ግፊቱ ይቀንሳል፣ የቀረውን ደግሞ ከውጭ በኩል እንደ ክራንች በቆሙ ድጋፎች ያዙት፣ ኩባያውን ከቤቱ ውጭ አወጡት ማለት ነው፣ ግድግዳው ከሸክም ስለተገላገለ ፈልፍለው መስታወት አደረጉት። ጎቲክ ይሄው ነው። እና አንድ ሕንፃ ጋ ስትደርሺ መጀመሪያ ዙሪያውን ዞረሽ ክራንቹን ፈልጊ፣ ከዛ ግቢ።

ይሄ ግን የ1879ኙን አይለይልሽም፣ ምክንያቱም እነሱም ክራንቹን በደንብ አድርገው ኮርጀዋል። እሱን የሚለይልሽ ቀርቦ ማየት ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋይ እንደ ሳሙና እኩል እኩል የተቆረጠ ነው፣ ግራው ከቀኙ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ባንድ ገንዘብ ያለቀ ይመስላል። የድሮው ደግሞ ገንዘብ ሲያልቅ ይቆማል፣ ጳጳስ ሲቀየር ሃሳብ ይቀየራል፣ መስኮት ተዘግቶ ሌላ ይከፈታል፣ የተዘጋው ቅርፁ ግድግዳው ላይ እንደ ጠባሳ ይታያል። በየድንጋዩ ፊት መሃል ላይ ጣት የሚያስገባ ትንሽ ጉድጓድ ካየሽ ድንጋዩን በመቆንጠጫ አንስተው የሰቀሉበት ነው፣ በመደዳ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካየሽ ደግሞ የእንጨት ስካፎልዲንጉ (ግንበኞቹ የሚቆሙበት መወጣጫ) የተሰካበት ነው። ቀስት ወይ መስቀል ወይ ፊደል የሚመስል የእጅ መዳፍ የማያህል ጭረትም አለ፣ የጠራቢው ምልክት ነው፣ ማን የትኛውን እንደጠረበ የሚታወቅበት። አንድ ጊዜ ስካፎልድ ላይ ወጥቼ ከመሬት 20 ሜትር በላይ፣ ከታች ማንም የማያየው ቦታ ላይ፣ አንድ አይነት ምልክት ሰባት ድንጋይ ላይ አገኘሁ፣ ስምንተኛው ላይ ምልክቱ ተገልብጦ ነው የተቀረፀው። ሰውየው ደክሞት ይሁን ድንጋዩ ተገልብጦ ተሰቅሎ ይሁን እንጃ፣ ያን ቀን ግን ምሳዬን ረስቼ ነው የዋልኩት።

እሺ የት ልሂድ ላልሽው። ፓሪስ ሮም አልልሽም፣ ለአስር ቀን ከናትሽ ጋር አራት አገር መዞር ሻንጣ መጎተት ነው ትርፉ። ፍራንክፈርት ሆነሽ 1,800 ዓመት አጠገብሽ ነው ያለው፦ ሊምቡርግ፣ ትሪየር፣ አኸን፣ ኮሎኝ። አራቱም በክልል ባቡር ይደረሳሉ፣ ስለዚህ ዶይቸላንድቲኬት (በመላው ጀርመን በክልል ባቡር የሚያስኬደው ወርሃዊ ቲኬት) ካለሽ ላንቺ ተጨማሪ ብር የለም፣ ለናትሽም የአንድ ወር አውጪላቸው፣ ግን ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን መሰረዝሽን አትርሺ፣ እኔ ለእንግዳ አውጥቼ ረስቼው እንግዳው አገሩ ከገባ በኋላ ሌላ ወር ከፍያለሁ።

ከመውጣትሽ በፊት ግን ለልምምድ ያህል እዛው ፍራንክፈርት ሮመርበርግ አደባባይ ውሰጃቸው። ሁሉም ቱሪስት ፎቶ የሚነሳባቸው የእንጨት አፅም ያላቸው ቤቶች፣ በምስራቅ በኩል ያሉት፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሰሩ ናቸው፣ የድሮዎቹ በ1944 ቦምብ ወድመዋል። ከኋላቸው ያለው «አሮጌው ከተማ» ደግሞ በ2018 ነው የተከፈተው። እንጨቱን ቀርበሽ እይው፣ ጥርት ያለ ነው። እናትሽን «ስንት ዓመቱ ይመስልዎታል?» ብለሽ ጠይቂና መልሳቸውን ያዢው።

ከዛ በማግስቱ ሊምቡርግ፣ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዛ ደግሞ እውነተኛው አለ። ሮመር በሚባለው መንገድ ቁጥር 2፣ 4፣ 6 ላይ ያለው ቤት በ1289 የተሰራ ነው፣ በጀርመን ካሉት እጅግ ጥንታዊ የእንጨት ቤቶች አንዱ ነው። እዚህ ጋ እናትሽ አንቺን ያስተምሩሻል እንጂ አንቺ እሳቸውን አታስተምሪያቸውም፣ ምክንያቱም አሰራሩ የኛው ጭቃ ቤት ነው፦ ቋሚው ቆሞ፣ ማገሩ ተመቶ፣ መሃሉ ጭቃ በጭድ ተመርጎ። ልዩነቱ የነሱ ቋሚ ወፍራም ኦክ ነው፣ መሬትም ውስጥ አይቀበርም፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ምስጥና እርጥበት አይበላውም፣ ለዛ ነው 700 ዓመት የቆመው። እንደዚህ አይነት ቤቶች ላይ እንጨቱን በደንብ ካየሽ ደግሞ በመጥረቢያ የተጫረ ቁጥር ታገኛለሽ፣ አናጢዎቹ መሬት ላይ ገጣጥመው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ፈተው፣ እንደገና የሰቀሉበት ነው። ልክ እንደ አይኪያ እቃ በይው።

የሊምቡርግ ካቴድራል ገደል አፋፍ ላይ ነው ያለው፣ በ1235 የተመረቀ፣ ሰባት ማማ አለው፣ መኪና መንገዱ ድረስ ስለሚወጣ ለጉልበታቸው ታክሲ ያዢ። እዚህ የወሰድኩሽ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክብ ቅስትና ሹል ቅስት ባንድ ግድግዳ ላይ ተቀላቅለው አሉ፣ ግንበኞቹ አዲሱን ነገር ከፈረንሳይ ሰምተዋል ግን ሙሉ በሙሉ አላመኑትም፣ ፈራ ተባ ሲሉ ታያቸዋለሽ። ሁለተኛ፣ ከውጭ ነጭ፣ ቀይና ቢጫማ ቀለም የተቀባ ነው። «ይሄማ አሁን ቀብተው አበላሹት» ትያለሽ፣ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚለው። ነገሩ ግን ግልባጭ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው የድሮውን ልስን አራግፈው ድንጋዩን እርቃኑን ያስቀሩት፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የተገኘውን ርዝራዥ ተከትለው ወደ መካከለኛው ዘመን ቀለሙ መለሱት። ያ አውሮፓ ውስጥ የምንወደው ግራጫ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ የጠፋበት ቤተክርስቲያን ነው። ከቆላ እስከ ደጋ ግድግዳው ጢም ብሎ በስዕል የተሞላ ቤተክርስቲያን አይታ ላደገች እናት ይሄ አይደንቃትም፣ ለጀርመኖቹ ነው ለማስረዳት የሚያስቸግረው።

ከሊምቡርግ በኮብለንዝ አድርጋችሁ ሞዘል ወንዝን ተከትላችሁ ትሪየር ትገባላችሁ። ትሪየር ሁለት ቀን ስጫት፣ እኔ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ከተማ አላውቅም። ፖርታ ኒግራ፣ ጥቁሩ በር፣ ሮማውያን ከ170 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሩት የከተማ በር ነው፣ ዓመቱን በዚህ ልክ ያወቁት መሰረቱ አካባቢ ከተገኘ እንጨት የዓመት ቀለበት ቆጥረው ነው። ድንጋዮቹ አንዳንዶቹ እስከ 6 ቶን ይደርሳሉ፣ በመሃላቸው ሞርታር የሚባል የግንብ ማጣበቂያ የለም፣ ደርቅ በደርቅ ተደራርበው በብረት ማያያዣ ነው የተያዙት። ቀርበሽ ስታዪ ግን መጋጠሚያው ላይ በየቦታው የተቦረቦረ ቀዳዳ አለ፣ ጥይት አይደለም፣ በመካከለኛው ዘመን ብረት ውድ ስለነበር ሰው እየቦረቦረ ማያያዣውን አውጥቶ ወስዶታል። ብረቱ ተሰርቆም ሕንፃው አልወደቀም፣ ክብደቱ ብቻውን ይዞታል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ እጄን እስከ አንጓዬ ድረስ ከትቼ ቆሜ ነበር፣ በክረምት ነው፣ ውስጡ ከውጩ ይሞቃል።

እና ይሄ በር ለምን ሌሎቹ ሲፈርሱ ተረፈ ብትይ፣ ለናትሽ የምትነግሪያቸው ታሪክ ነው። ሲሜዎን የሚባል ከሲራኩስ የመጣ ግሪካዊ መነኩሴ ነበር፣ የትሪየሩን ሊቀ ጳጳስ ኢየሩሳሌም አድርሶ ሲመለስ በ1030 አካባቢ በዚህ በር አንደኛው ማማ ውስጥ በሩን አስደፍኖ በአት ያዘ፣ በ1035 እዛው አረፈ። ልክ እንደኛ አገር ባሕታዊ ነው፣ ዋሻው ብቻ የሮማ በር ሆነ። ሲያርፍ ቅዱስ ተባለና በሩ ባለ ፎቅ ቤተክርስቲያን ተደረገለት፣ ቤተክርስቲያን ስለሆነ ማንም ድንጋዩን አልወሰደም። በ1804 ናፖሊዮን መጣና ቤተክርስቲያኑን አንሱ በሩን ወደ ሮማዊ መልኩ መልሱ አለ፣ አነሱት፣ ግን በምስራቅ በኩል ያለውን ግማሽ ክብ የመቅደስ ክፍል ተዉት። ስለዚህ ፊት ለፊት ቆመሽ አንዱ ጎኑ ከሌላው ለምን ተለየ ብለሽ ማሰብ ነው፣ መልሱ እዛው ድንጋዩ ላይ አለ፦ ሮማ፣ ባሕታዊ፣ ናፖሊዮን።

ከዛ ቀጥ ብለሽ ወደ ካቴድራሉ። በሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ የወደቀ የግራናይት ዓምድ ቁራጭ አለ፣ ልጆች የሚንሸራተቱበት፣ ያ ከመጀመሪያው የ4ኛ ክፍለ ዘመን ሕንፃ ነው፣ ድንጋዩም የመጣው ከናንተው ሰፈር አጠገብ ካለው ኦደንቫልድ ነው፣ ያን ሁሉ መንገድ። አሁን አትግቢ፣ መጀመሪያ በሰሜን በኩል ባለው መንገድ በውጭ ዙሪ። እዛ ግድግዳው ላይ ድንጋይና ቀይ ጡብ በተርታ እየተፈራረቁ ታያለሽ፣ እሱ ሮማ ነው። አጠገቡ ጡብ የሌለው ወፍራም ክብ ቅስት ያለው ይመጣል፣ እሱ 11ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ወደ ደቡብ ስትዞሪ ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ ሌላ ቤተክርስቲያን አለ፣ ሊብፍራውንኪርኸ፣ የእመቤታችን፣ ከ1230 አካባቢ ጀምሮ የተሰራ፣ በጀርመን ከመጀመሪያዎቹ ጎቲኮች አንዱ። እንግዲህ ባንድ አደባባይ ላይ ቆመሽ አንገትሽን ግራና ቀኝ በማዞር ብቻ ዘጠኝ መቶ ዓመት አየሽ ማለት ነው። ወረቀቱና ኩባያው እዚህ ጋ ይገባሻል። መጀመሪያ ካቴድራሉ ውስጥ ትንሽ ቁጭ በሉ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ ተነስታችሁ ወደ ሁለተኛው ግቡ፣ ብርሃኑ ራሱ ዘመኑን ይነግርሻል።

የቆስጠንጢኖስ ባዚሊካውንም አትለፊው፣ በ310 አካባቢ የተሰራ የንጉሥ አዳራሽ ነው፣ 67 ሜትር ርዝመት፣ 33 ሜትር ከፍታ፣ መሃሉ ላይ አንድም ዓምድ የለም። ሲገቡ ባዶ ስለሆነ ሰው ያዝንበታል። ዝም ብለሽ ፊት ለፊት ያለውን ግማሽ ክብ እይው፣ መስኮቶቹ ወደ መሃል ሲመጡ እያነሱ ይሄዳሉ፣ ዓይንን ለማታለል ነው፣ ንጉሡ የተቀመጠበት ቦታ ካለው በላይ ርቆ ትልቅ እንዲመስል። በ1944 ተቃጥሏል፣ ጣሪያው አዲስ ነው፣ ከውጭ በአንደኛው ጎኑ ላይ ፒንክ ቤተመንግስት ተለጥፎበታል፣ እሱ 18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ቆንጆ ነው ግን ሳትቆሚ እለፊው።

አኸንን ላሳጥረው፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ ያሰራው ባለ ስምንት ጎን ቤተ ጸሎት ነው፣ በ800 አካባቢ፣ ጣሊያን ራቬና ያለውን ሳን ቪታሌን አይተው ነው የሰሩት ይባላል፣ ዓምዶቹንም ከዛው ከጣሊያን ነው ያስመጡት፣ የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1794 ነቅለው ፓሪስ ወሰዷቸው፣ ገሚሶቹ ሲመለሱ ገሚሶቹ እዛው ሉቭር ቀሩ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስትገቢ የሚያንፀባርቀው ወርቃማ ሞዛይክና እብነበረድ ዓይንሽን ይይዘዋል፣ እሱ ግን ባመዛኙ የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስራ ነው፣ ሻርለማኝ ያየው አይደለም። የሱ የሆነው ቅርፁ ነው። ከመሃል ቆመሽ ዙሪያሽን እይ፣ መሃሉ ከፍ ብሎ ባዶ፣ ዙሪያውን መሄጃ፣ የኛን ክብ ቤተክርስቲያን ለሚያውቅ ሰው እግሩ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፣ ልዩነቱ የኛ መሃሉ መቅደስ ሆኖ የተዘጋ ነው የነሱ ክፍት ነው። ከጎኑ ደግሞ በ1414 የጨመሩት ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነ ጎቲክ ክፍል አለ፣ ከጨለማው ስምንት ጎን ወደዛ ስታዪ የ600 ዓመት ልዩነት ባንድ እርምጃ ነው። ለናትሽ ደግሞ ይሄን ንገሪያቸው፣ ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የአኸን ካቴድራልና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ባንድ ዝርዝር ላይ ነበሩ፣ የኛ ስሜን ተራሮችም አብሮ።

ኮሎኝ። ከባቡር ስትወርጂ ዶሙ፣ ካቴድራሉ ማለት ነው፣ ፊትሽ ላይ ነው፣ ሁለት ቀን አንገታችሁ ይታመማል። የመሰረት ድንጋዩ የተጣለው በ1248 ነው፣ የኛዎቹ ላሊበላን ፈልፍለው ከጨረሱ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። የምስራቁ ክፍል በ1322 ተመረቀ፣ ከዛ ስራው እየተንቀራፈፈ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጭራሽ ቆመ፣ ያልተጨረሰው ማማ ላይ የእንጨት ክሬን ተገትሮ 300 ዓመት ያህል ቆየ፣ የከተማዋ ምልክት እስኪሆን ድረስ። በ1842 እንደገና ጀምረው በ1880 ጨረሱት። ልብ በይ፣ ከቪየናው አንድ ዓመት ዘግይቶ! ታዲያ ይሄም አስመሳይ ነው ወይ? እኔ አይደለም ነው የምለው፣ ምክንያቱም የመካከለኛው ዘመን ሰዎች በብራና ላይ የሳሉት የፊት ለፊቱ ፕላን ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ግማሽ በ1814 ዳርምሽታት፣ ሌላው በ1816 ፓሪስ ተገኝቶ ነው ማማዎቹን በሱ የጨረሱት። የሃሳቡ ባለቤቶች የ1300ዎቹ ሰዎች ናቸው፣ እጁ ነው የ1800ዎቹ። ጣሪያው ውስጥ ግን አልኮረጁም፣ የተሸከመው የብረት አፅም ነው፣ ከኤፍል ታወር በፊት የተሰራ። ሙያዬ ውስጥ ያሉ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ይከራከራሉ፣ አንቺም እዛ ቆመሽ የራስሽን ፍረጂ።

ወደ ላይ መውጫው 533 ደረጃ ነው፣ ሊፍት የለም፣ እናትሽን እንዳታስቢው። እሳቸውን የሚመለከተው ታች ነው፣ ከዋናው መንበር ኋላ ያለው የወርቅ ሳጥን። በ1164 ከሚላኖ የመጣ የሰብአ ሰገል አፅም ነው ተብሎ የሚታመነው እዛ ውስጥ ነው ያለው፣ ያ ሁሉ ሕንፃ የተሰራው ለሱ ነው፣ ለሚመጣው ተሳላሚ የድሮው ቤተክርስቲያን ስለጠበበ። እኔ አንዴ የዘመድ እናት ይዤ ሄጄ ስለ ቅስትና ስለ ግፊት ሃያ ደቂቃ አወራኋቸው፣ እሺ እሺ ይሉኛል፣ ሳጥኑ ምን እንደሆነ ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካክለው «ታዲያ ይሄን መጀመሪያ አትናገርም?» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ሕንፃን ከተሰራበት ምክንያት ነጥዬ ሳወራ ነው የያዙኝ። በዛው ቀና ብለሽ በደቡብ በኩል ያለውን ትልቅ መስኮት እይ፣ ከ11,000 በላይ ባለ ቀለም አራት ማዕዘን መስታወት የተሰራ፣ የጀርመናዊው ሰዓሊ የጌርሃርድ ሪሽተር ስራ፣ 2007። ከሰዓት በፀሐይ ሂጂ፣ ወለሉ ላይ ነው የሚያምረው።

ከዶሙ ቀጥሎ ግን ሰው የሚረሳቸው አሉ። ኮሎኝ ውስጥ 12 ትልልቅ የሮማነስክ ቤተክርስቲያኖች አሉ፣ በጦርነቱ ክፉኛ ተመተው አስርት ዓመታት ወስዶ ነው የተጠገኑት። 12ቱንም አትዙሪ፣ ያው ያምናው ነው የሚሆነው። ሁለቱን ብቻ። ቅዱስ ጌሬዎን፣ አስር ጎን ያለው፣ የታችኛው ክፍሉ የ4ኛ ክፍለ ዘመን ሮማዊ ግድግዳ ሆኖ ላዩ ላይ በ1227 ጣሪያው የተዘጋ። ሁለተኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ ሳንክት ጌኦርግ፣ ዋይድማርክት አጠገብ። ትንሽ ናት፣ የ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዓምዶቿ እንደ ሌሎቹ የተገነቡ ሳይሆን ክብ የድንጋይ ምሰሶ ናቸው። በምዕራብ ጫፏ ያለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ክፍል ግድግዳው ከውፍረቱ የተነሳ መስኮቱ ዋሻ ይመስላል፣ እጅሽን ዘርግተሽ ለኪው።

እዚች ጋ እናትሽን አስቀምጪና ይሄን ንገሪያቸው። በ1500ዎቹ መጀመሪያ የዚህች ቤተክርስቲያን አለቃ የነበረ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ሰው ሮም ሄዶ ሳለ ከቅዱስ ጴጥሮስ ኋላ ባለችው የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቤተክርስቲያን፣ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ የኛ አባቶች ሲያዜሙ ሰማ። ቋንቋው ምን እንደሆነ አላወቀም፣ «ከለዳዊ» ነው ብሎ ነው የደመደመው፣ ግን እግራቸው ስር ቁጭ ብሎ ተማረ፣ በ1513 እዛው ሮም መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፣ በግዕዝ ፊደል በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። በ1518 ደግሞ እዚሁ ኮሎኝ ግዕዙን ከዕብራይስጥ ከግሪክና ከላቲን ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ድጋሚ አሳተመው። ቤተክርስቲያኗ ውስጥ ይሄን የሚነግርሽ ትልቅ ምልክት አትጠብቂ። እናትሽ ቦርሳ ውስጥ ዳዊት አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ።

ከቻልሽ ጉዞውን በሴፕቴምበር ሁለተኛው እሁድ ዙሪያ አድርጊው፣ እንቁጣጣሽ ሰሞን ማለት ነው፣ ያን ቀን በመላው ጀርመን ሌላ ጊዜ የተዘጉ የድሮ ሕንፃዎች በነፃ ይከፈታሉ፣ እኔን የመሰሉ ሰዎችም በየስካፎልዱ ስር ቆመው ሰው ጥያቄ እስኪጠይቃቸው ይጠብቃሉ። ትንሽ ባይነኩላር ያዢ፣ ከካሜራ ይበልጣል። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ጉብኝት አይፈቀድም፣ ትንንሾቹ ቤተክርስቲያኖች ምሳ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፣ ሰኞም ብዙ ሙዚየም ዝግ ነው፣ ስለዚህ ሰኞን የባቡር ቀን አድርጊው። የምትመጪበትን ቀን ካወቅሽ ጻፊልኝ፣ ትሪየር ላይ ስካፎልድ የት የት እንደተተከለ እጠይቅልሻለሁ፣ ያ የሰሜኑ ግድግዳ ተሸፍኖ ከሆነ ቀኑን ብትቀይሪ ይሻላል።